ማሠሪያ አንቀጽ የሌለው ፕሮግራም፦ ስለ አንዲት ትንሽ የማስተማሪያ ቋንቋና ስለ ኮምፓይለሯ

ኮምፓይለር ለተጠቃሚው የሚናገረው ስሕተት ሲያገኝ ብቻ ነው። የተሰጠው ፕሮግራም ትክክል ከሆነ ዝም ብሎ ሥራውን ይጨርሳል፤ ጉድለት ካገኘበት ግን አፍ ያወጣል። የማስተማሪያ ኮምፓይለር ለመሥራት የተነሣ ሰው ይህን ቀላል ሐቅ ከመነሻው ቢይዘው ይጠቀማል ብዬ አምናለሁ። ጀማሪ ተማሪ የሚጽፋቸው ፕሮግራሞች አብዛኞቹ ጉድለት ያለባቸው ናቸውና፣ ከኮምፓይለሩ ጋር የሚያሳልፈው ጊዜ በአመዛኙ የስሕተት መልእክት በማንበብ የሚያልፍ ነው። ለማስተርስ ጥናቴ የሠራኋት «ቅንጣት» የተባለች ትንሽ የፕሮግራም ቋንቋና ኮምፓይለሯ የተመሠረቱት በዚህ ሐሳብ ላይ ነው። እዚህ የማቀርበው የጥናቱን ውጤት በሠንጠረዥ አይደለም፤ ቋንቋዋን በአማርኛ ስሠራ፣ የመማሪያ መጻሕፍት እንደ ተዘጋ ጉዳይ የሚያልፏቸው ጥቂት ጥያቄዎች እንዴት እንደ ተከፈቱ ነው።

በቤተ ሙከራ ረዳትነት ባገለገልኩባቸው ሴሚስተሮች ደጋግሜ ያየሁት ነገር አለ። ተማሪው ፕሮግራሙ አልሠራ ሲለው መልእክቱን አያነበውም፤ ገልብጦ ለጓደኛው ይልከዋል፣ አለዚያም እጁን ያወጣል። ይህ ስንፍና አይደለም። በአብዛኛው ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ በእንግሊዝኛ የተማረ ሰው የመማሪያ መጽሐፉን እንግሊዝኛ ይከታተላል። የስሕተት መልእክት እንግሊዝኛ ግን ሌላ ዘር ነው፤ ብዙ ጊዜ ግስ የለውም፣ ምሕጻረ ቃል ይበዛዋል፣ የሚናገረውም ስለ ተማሪው ፕሮግራም ሳይሆን ስለ ኮምፓይለሩ የውስጥ ሁኔታ ነው። የቀድሞዎቹ የፓይዘን እትሞች አንድ ቅንፍ ሳይዘጋ ሲቀር «በትንተና ላይ ሳለሁ ያልተጠበቀ ኢ.ኦ.ኤፍ.» የሚል ትርጉም ያለው መልእክት ይሰጡ ነበር። ተማሪው ኢ.ኦ.ኤፍ. የሚባል ነገር በፕሮግራሙ ውስጥ ሲፈልግ ይቆያል። የፋይል መጨረሻ ማለት እንደ ሆነ ሲነግሩትም «ታዲያ ፋይሌ ማለቅ አልነበረበትም?» ብሎ ይጠይቃል። ጥያቄው ፍጹም ትክክል ነው።

ለዚህ ችግር ብዙ ሰው ወዲያው የሚያቀርበው መፍትሔ ቁልፍ ቃላቱን መተርጎም ነው። እኔ ግን ይህ ከሥራው ሁሉ ቀላሉ፣ ጥቅሙም ትንሹ ነው ባይ ነኝ። አንዲት ትንሽ ቋንቋ ያሏት ቁልፍ ቃላት ከሃያ አይበልጡም፤ የትኛውም ተማሪ በአንድ ሳምንት ይይዛቸዋል፤ ትርጉማቸውን ባያውቅ እንኳ እንደ ምልክት ይለምዳቸዋል። ለማሽኑም ቢሆን ቃሉ የየትኛው ሕዝብ ቋንቋ እንደ ሆነ ደንታው አይደለም። በኮምፓይለር ሥራ ፈር ቀዳጅ የነበሩት ግሬስ ሆፐር በ1950ዎቹ በእንግሊዝኛ ቃላት የሚታዘዝ ሥርዓታቸውን ለኩባንያቸው ኃላፊዎች ሲያሳዩ፣ ያንኑ ፕሮግራም በፈረንሳይኛና በጀርመንኛ ቃላትም ጽፈው አቅርበው ነበር፤ ኃላፊዎቹ የአሜሪካ ማሽን እንዴት በባዕድ ቋንቋ ይታዘዛል ብለው እንደ ደነገጡ ሆፐር በኋላ ዘመን እየሳቁ ያወሩት ነበር። ለእርሳቸው ነገሩ የቃላት ሠንጠረዥ መቀየር ብቻ ነው። ለሦስቱ ቋንቋዎች እውነት ነው፤ እንግሊዝኛም፣ ፈረንሳይኛም፣ ጀርመንኛም በትእዛዝ ጊዜ ግሱን ከፊት ስለሚያስቀድሙ ሠንጠረዥ መቀየር ይበቃቸዋል። ለአማርኛ ግን አይበቃም።

መነሻዬ ኒክላውስ ቪርት እ.ኤ.አ. በ1976 ባሳተሙት ስለ አልጎሪዝምና ስለ መረጃ አደረጃጀት በሚናገር መጽሐፋቸው ያቀረቧት፣ ፒ.ኤል. ዜሮ የተባለችው ቋንቋ ናት። ይህች ቋንቋ የምታውቀው ሙሉ ቁጥርን ብቻ ነው፤ ቋሚ ቁጥሮች፣ ተለዋዋጮች፣ ፕሮሲጀሮች፣ አንድ ዓይነት ሁኔታና አንድ ዓይነት ድግግሞሽ አሏት፤ ሌላ የላትም። ኮምፓይለሯ የተጻፈውን ፕሮግራም ከላይ እስከ ታች አንድ ጊዜ ብቻ አንብቦ፣ ስምንት ትእዛዛት ብቻ ላሉት ምናባዊ የቁልል ማሽን ኮድ ያወጣል። የመጀመሪያው የፎርትራን ኮምፓይለር እ.ኤ.አ. በ1957 ለአገልግሎት ሲበቃ የ18 ሰው-ዓመት ድካም እንደ ጠየቀ በመማሪያ መጻሕፍት ይጠቀሳል። ዛሬ አንድ ተማሪ በአንድ ሴሚስተር ኮምፓይለር መጻፍ የቻለው በመካከሉ የዳበረው የትንተና ስልት ስላለ ነው። ለተማሪ የሚቀርበው ስልት ደግሞ ቪርት የተጠቀሙበት ነው፦ ለእያንዳንዱ የሰዋስው ሕግ አንድ ፕሮሲጀር ይጻፋል፤ ፕሮሲጀሮቹም እንደ ሕጎቹ እርስ በርሳቸው ይጠራራሉ። ማባዛት ከመደመር የሚቀድመው የማባዛቱ ሕግ በመደመሩ ሕግ ውስጥ ስለሚጠራ ብቻ እንደ ሆነ ተማሪው በዓይኑ ያያል። ይህን ያየ ሰው ኮምፓይለር ምትሐት አለመሆኑን ተረድቷል፤ የቀረው ሥራ ትጋት ነው።

ስልቱ የሚቆመው ግን በአንድ ምሰሶ ላይ ነው። ኮምፓይለሩ ከፊቱ ያለውን አንድ ቃል ብቻ አይቶ የትኛውን ሕግ እንደሚከተል መወሰን አለበት። ትእዛዙ በ«ኢፍ» ከጀመረ ሁኔታ ነው፤ በ«ዋይል» ከጀመረ ድግግሞሽ ነው፤ ቃሉ በር ላይ ቆሞ እንግዳውን ይለያል። አማርኛ ይህን ውሳኔ ለመጨረሻ ያቆየዋል። «ተራው ከ11 ያነሰ» ብለን ስንጀምር አድማጫችን ወዴት እንደምንሄድ ገና አያውቅም፤ «ከሆነ» ልንል እንችላለን፣ «እስከሆነ ድረስ» ልንልም እንችላለን። ብዙዎች ይህን ችግር የሚያልፉት «ከሆነ» የሚለውን ቃል አንሥተው «ኢፍ» በነበረበት ቦታ፣ ከዐረፍተ ነገሩ ፊት በመትከል ነው። የሚገኘው በግዕዝ ፊደል የተጻፈ እንግሊዝኛ ነው፤ ተማሪው ከሁለቱም ቋንቋዎች አንዱንም አያገኝበትም። ስለዚህ ቅንጣት ግሷን ወደ መጨረሻ እንድትመልስ ወሰንኩ። ከ1 እስከ 10 ያሉትን ቁጥሮች የሚደምረው ፕሮግራም እንዲህ ይጻፋል፦

ቁጥር ድምር፣ ተራ።
0 ወደ ድምር ይግባ።
1 ወደ ተራ ይግባ።
ተራ < 11 እስከሆነ ድረስ
ድምር + ተራ ወደ ድምር ይግባ።
ተራ + 1 ወደ ተራ ይግባ።
ይብቃ።
ድምር ይጻፍ።

የመደመርና የማነጻጸር ምልክቶቹን እንደ ሒሳብ መማሪያው በመካከል ተውኳቸው። እነርሱ የእንግሊዝኛም የአማርኛም ስላልሆኑ ማንንም አይከብዱም፤ የቅድሚያ ሕግ የሚማሩትም በእነርሱ ነው።

ውሳኔው በኮምፓይለሩ ውስጥ ያስከተለው ለውጥ ከፈራሁት ያነሰ ነው። ከማወጃው መስመርና ከ«ይብቃ» በቀር እያንዳንዱ ዐረፍተ ነገር በስሌት ይጀምራል። ኮምፓይለሩ ስሌቱ ለምን እንደሚያገለግል ሳያውቅ ኮዱን ያወጣል፤ ከስሌቱ በኋላ የሚመጣው አንድ ቃል «ወደ»፣ «ይጻፍ»፣ «ከሆነ» ወይም «እስከሆነ» መሆኑን አይቶ መንገዱን ይለያል። አንድ ቃል አስቀድሞ ማየት እዚህም ይበቃል፤ መስቀለኛው መንገድ ከመግቢያው ወደ መውጫው ተዛወረ እንጂ አልተወሳሰበም። አስቸጋሪ የሚመስለው ድግግሞሹ ብቻ ነው፤ ማሽኑ ወደ ሁኔታው መጀመሪያ እንዲመለስ መታዘዝ አለበት፣ ኮምፓይለሩ ግን ድግግሞሽ መሆኑን የሚያውቀው መጀመሪያውን ካለፈ በኋላ ነው። መልሱ በእያንዳንዱ ዐረፍተ ነገር መግቢያ ላይ የኮዱን አድራሻ መመዝገብ ነው። ዐረፍተ ነገሩ ድግግሞሽ ሆኖ ካልተገኘ ምዝገባው ይጣላል፤ ጠቅላላ ዋጋው አንድ ቁጥር ነው። ምንጩን አንድ ጊዜ ብቻ ማንበብ የሚለው የቪርት ደንብም ሳይፈርስ ይቀራል።

እንዲያውም በአንድ ቦታ ላይ ነገሩ ቀለለ። በፒ.ኤል. ዜሮ «ድምር» የሚለው ተቀባይ ስም በግራ ስለሚጻፍ ኮምፓይለሩ ስሌቱ እስኪያልቅ ድረስ ስሙን በጉያው ይዞ መጓዝ አለበት። በቅንጣት «ድምር + ተራ ወደ ድምር ይግባ» የሚለው ዐረፍተ ነገር ሲተረጎም የሚወጣው የቁልል ኮድ «ድምርን አምጣ፣ ተራን አምጣ፣ ደምር፣ በድምር አኑር» የሚል ነው። የትእዛዛቱ ቅደም ተከተል ከዐረፍተ ነገሩ ጋር እግር በእግር ይሄዳል፦ መጀመሪያ ተደማሪዎቹ፣ ቀጥሎ ድርጊቱ፣ በመጨረሻ ማረፊያው። የቁልል ማሽን ሁልጊዜ እንዲህ ነው የሚሠራው፤ ባለጉዳዮቹ ይሰበሰባሉ፣ ከዚያ ግሱ ይመጣል። በትምህርት ክፍሎች ውስጥ ይህ አጻጻፍ «የተገለበጠ» ተብሎ ሲተዋወቅና ተማሪዎች እንዲለምዱት ሲለፋ አይቻለሁ። «2ን ከ3 ጋር ደምር» ለሚል ሰው ምኑ ነው የተገለበጠው? ይህን ዝምድና በሌላ ቦታም ያዩት አሉ፤ በጃፓን የተሠራው ማይንድ የተባለ ቋንቋ የፎርዝን የቁልል ባሕርይ ግስን በመጨረሻ ከሚያስቀምጠው ከጃፓንኛ ዐረፍተ ነገር ጋር አጋብቷል።

ዋጋ የሚከፈለው በስሕተት ጊዜ ነው፤ ወደ መነሻ ሐሳቤ የምመለሰውም በዚሁ ምክንያት ነው። ትእዛዙ በግስ የሚጀምር ሲሆን ኮምፓይለሩ ተማሪው ምን ሊጽፍ እንደ ተነሣ አስቀድሞ ያውቃል፤ የጎደለውን በስሙ ይጠራል። በቅንጣት ግን ተማሪው «ድምር + ተራ።» ብሎ አራት ነጥብ ቢያደርግ ኮምፓይለሩ አንድ ነገር እንደ ጎደለ እንጂ ምን እንደ ጎደለ ማወቅ አይችልም። ተማሪው ሊያትም ይሁን ሊያስቀምጥ፣ ሊጠይቅ ይሁን ሊደጋግም የሚያስታውቅ ምንም የለም። የተለመደው አሠራር በዚያ ቦታ ሊመጡ የሚችሉትን ቃላት ሁሉ ደርድሮ «ከእነዚህ አንዱ ይጠበቅ ነበር» ማለት ነው። ይህ መልእክት እውነት ነው፤ የሚናገረው ግን ስለ ኮምፓይለሩ ሠንጠረዥ ነው። ቅንጣት በዚህ ቦታ የምትሰጠው መልእክት የሚከተለው ነው፦ «በ5ኛው መስመር ያለው ዐረፍተ ነገር ማሠሪያ አንቀጽ የለውም፤ ‹ድምር + ተራ› ተሰልቶ ምን እንደሚደረግ አልተነገረም።»

ማሠሪያ አንቀጽ የሚለውን ቃል ከኮምፒዩተር መዝገበ ቃላት አላመጣሁትም። በአማርኛ ሰዋስው ክፍል ውስጥ ዐረፍተ ነገር ከሐረግ የሚለይበት ተብሎ የተማርነው ነው። አንድ ተማሪ የተንጠለጠለ ዐረፍተ ነገር ምን እንደ ሆነ ከልጅነቱ ያውቃል፤ መምህሩ በቀይ እስክሪብቶ አስምረውበታል። በሙከራው ጊዜ መልእክቱን ያየች አንዲት ተማሪ ጮክ ብላ አንብባው ሳቀችና ሳትጠይቀኝ «ይጻፍ» ብላ ጨመረች። ከአንድ ሰው ሳቅ ተነሥቼ ስለ ትምህርት ውጤት ድምዳሜ አልሰጥም፤ ለዚያ የተዘጋጀ ጥናት ያስፈልጋል። እኔ የምለው ኮምፓይለሩ ሊያስተላልፍ የፈለገው ነገር በተማሪዋ ዘንድ አስቀድሞ ስም ነበረው ነው።

ቅንጣት 34 የስሕተት መልእክቶች አሏት፤ ከትንተናው ክፍል ይልቅ ብዙ ሳምንታት የወሰዱት እነዚህ ናቸው። የቪርት ኮምፓይለር ስሕተት ሲያገኝ ከመስመሩ በታች አንድ ቀስትና አንድ ቁጥር ብቻ ያትም ነበር፤ 11 ቁጥር ከወጣ ያልታወጀ ስም ማለት ነው፤ የቁጥሮቹ ፍቺ በመጽሐፉ ውስጥ ተዘርዝሯል። ማስታወሻ ለሚቆጠብበት ዘመን ተገቢ ነበር። ቁጥር ደግሞ ጾታ የለውም፤ ዐረፍተ ነገር ግን በአማርኛ ጾታ አለው። «ነጠላ ሰረዝ ጨምር» ብል የምናገረው ለወንድ ነው፤ «ጨምሪ» ብል ለሴት ነው፤ «ይጨምሩ» ብል ደግሞ አክብሮት ነው፤ በሁለተኛ ዓመት ተማሪ ላይ ሲነበብ ግን ከባንክ የተላከ አጭር መልእክት ይመስላል። እንግሊዝኛ ተናጋሪው የመልእክት ጸሐፊ ይህን ጥያቄ በሕይወቱ አንሥቶት አያውቅም። አንድ ባልደረባዬ ተጠቃሚው ሲመዘገብ ጾታውን ይሙላ የሚል ሐሳብ አቀረበ፤ ነጠላ ሰረዝ ለማስታወስ ይህን ያህል ምርመራ አልታየኝም። የመረጥኩት ሦስተኛ መደብ ተገብሮን ነው፦ «ይጨመር»፣ «ይታወጅ»፣ «ይዘጋ»። ጥቂት የአዋጅ ቃና አለው፤ ነገር ግን ማንንም በተሳሳተ ስም አይጠራም። በዚሁ ምክንያት የቋንቋዋ ትእዛዛትም «ይግባ»፣ «ይጻፍ»፣ «ይብቃ» ሆኑ፤ ማሽኑንም አንተ ወይስ አንቺ ከማለት ዳንን።

ሌላው ጉዳይ የቅጥያ ነው። በእንግሊዝኛ መልእክት ባዶ ቦታ ያለው ዐረፍተ ነገር ነው፤ ባዶው ላይ የተማሪው ስም ይገባል። በአማርኛ ወደ ባዶው የሚገባው ቃል ተሳቢ ከሆነ «ን» ይከተለዋል፣ ቁጥሩ ከአንድ ከበለጠ ግሱ ይለወጣል፤ «1 ስሕተት ተገኝቷል» እና «3 ስሕተቶች ተገኝተዋል» በአንድ ቅርጽ አይወጡም። ስለዚህ በቅንጣት እያንዳንዱ መልእክት የጽሑፍ ቁራጭ ሳይሆን ትንሽ ፕሮሲጀር ነው። ቀስቱንም አስወግጄዋለሁ፤ በሞከርኩባቸው የተርሚናል መስኮቶች ሁሉ የግዕዝ ፊደላት ስፋት እርስ በርስ ስለሚለያይ ቀስቱ ከሚያመለክተው ቃል ሁለት ሦስት ፊደል ርቆ ያርፋል። መልእክቱ ቃሉን ራሱን ጠቅሶ ይናገራል።

ቃላትን የሚለየው የኮምፓይለሩ ክፍል የራሱ ጣጣ ነበረው። የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በ3.0 እትም ነው፤ አራት ነጥብም የራሱ ቦታ አለው። ተማሪዎች ግን አራት ነጥብን ብዙ ጊዜ የሚጽፉት ሁለት ነጥብን ሁለቴ በመምታት ነው፤ በዓይን ሲታይ «፡፡» እና «።» አንድ ናቸው፤ ለማሽኑ ግን የመጀመሪያው ሁለት ፊደል፣ ሁለተኛው አንድ ፊደል ነው። በዓይን የማይለይ ነገር ላይ የስሕተት መልእክት መስጠት ተማሪን ማሰቃየት ስለሆነ ሁለቱንም፣ የላቲኑን ድርብ ሁለት ነጥብም ጨምሬ፣ ያለ አንዳች ቃል ይቀበላል።

የሞክሼ ፊደላት ጉዳይ ከዚህ ይከብዳል። ፓይዘን እ.ኤ.አ. በ2008 ከወጣው ሦስተኛ እትሙ ጀምሮ የተለዋዋጭ ስም በግዕዝ ፊደል እንዲጻፍ ይፈቅዳል፤ ነገር ግን «ሠራተኛ» እና «ሰራተኛ» በእርሱ ዘንድ ሁለት የተለያዩ ስሞች ናቸው። ተማሪው በ3ኛው መስመር አንዱን፣ በ9ኛው መስመር ሌላውን ጽፎ ስሙ አልታወጀም ሲባል ዓይኑን ያሻል። «ስሕተት» የሚለው ቃል ራሱ በየጽሑፉ በ«ሕ»ም በ«ህ»ም ሲጻፍ እናያለን። በሌላ በኩል ፊደላቱን አንድ ማድረግ የማይዋጥላቸው አሉ፤ ምክንያትም አላቸው፣ በግዕዝ «ሰአለ» ለመነ ማለት ሲሆን «ሠዐለ» ሥዕል ሣለ ማለት ነውና። የኮምፓይለር ሠሪ ይህን ክርክር የመፍረድ ሥልጣን የለውም። ስለዚህ ቅንጣት ስሞቹን ስትፈልግ እንደ አንድ ትቆጥራቸዋለች፤ ሥራውንም አታቋርጥም፤ ነገር ግን «‹ሠራተኛ› ተብሎ የታወጀው እዚህ ‹ሰራተኛ› ተብሎ ተጽፏል» የሚል ማሳሰቢያ ትሰጣለች። የሚያስገርመው አሠራሩ ቀላል መሆኑ ነው። በዩኒኮድ እያንዳንዱ የፊደል ቤተሰብ ስምንት ቦታ ስለ ተሰጠው፣ ከ«ሐ» ላይ 16፣ ከ«ኀ» ላይ 128፣ ከ«ዐ» ላይ 48፣ ከ«ፀ» ላይ 8 ሲቀነስ፣ በ«ሠ» ላይ ደግሞ 16 ሲደመር ተመሳሳይ ድምፅ ያለው ፊደል ይገኛል። ይህ የሚሠራው ለሰባቱ ድምፆች ነው፤ በስምንተኛው ቦታ ላይ የተቀመጡት ሁልጊዜ ስለማይገጣጠሙ ከሕጉ ውጭ ናቸው። በተጨማሪ «ሀ» እና «ሃ»፣ «አ» እና «ኣ» እንዲሁም ዘመዶቻቸው በግዕዝና በራብዕ አንድ ድምፅ ስላላቸው አንድ ይደረጋሉ።

የግዕዝ ቁጥሮችን ባጭሩ ልለፋቸው። ዜሮ ስለሌላቸው ከዜሮ ለሚነሣ ድምር አይሆኑም፤ ቅንጣት የምታትመው በዐረብኛው አኃዝ ነው። «፳፻፲፯»ን ወደ 2017 የሚለውጠውን ፕሮሲጀር ግን ለተማሪዎች መልመጃ አድርጌ ትቼዋለሁ፤ «፻» እና «፼» ከፊታቸው ያለውን ስለሚያባዙ ጥሩ የትንተና ልምምድ ነው። ለማወቅ የሚጓጓ አንባቢ በፓይዘን ይሞክረው፦ «፩» አኃዝ ነህ ወይ ተብሎ ሲጠየቅ አዎን ይላል፤ ወደ ሙሉ ቁጥር ተለወጥ ሲባል ደግሞ እምቢ ይላል። «ተማሪ፩» የተለዋዋጭ ስም መሆን ይችላል፤ «ተማሪ፲» ግን አይችልም።

ከቀረቡብኝ ተቃውሞዎች መካከል «በዚህ ቋንቋ ማን ይቀጥራቸዋል?» የሚለው ብዙ አያሳስበኝም። በፒ.ኤል. ዜሮም የተቀጠረ ሰው የለም። የኮምፓይለር ትምህርት ተማሪው የነገ ቋንቋውን የሚያይበትን ዓይን ለመክፈት ነው፤ ቅንጣትን የተማረ በሚቀጥለው ሴሚስተር ወደ ሲ ወይም ወደ ፓይዘን ይሄዳል፣ መሄድም አለበት። «ስክራች በአማርኛ አለ አይደለም ወይ?» የሚለውም አለ። አለ፤ መልካምም ነው፤ ነገር ግን በስክራች የማይገጣጠሙ ቁራጮች ከመነሻው ስለማይያያዙ የአገባብ ስሕተት የሚባል ነገር አይፈጠርም። እኔ ደግሞ ማስተማር የምፈልገው ስሕተቱን ነው።

የሚከብደኝ ሌላው ነው። በየቤተ ሙከራው ካሉት ተማሪዎች ብዙዎቹ አፍ የፈቱት በአማርኛ አይደለም። ሸክሙን ከእንግሊዝኛ አንሥቼ በአማርኛ ብተካው፣ ለኦሮምኛ ወይም ለሶማልኛ ተናጋሪው ምን ጠቀምኩት? ሁለተኛ ቋንቋን በሦስተኛ ቋንቋ መተካት ይሆናል። ለዚህ የተሟላ መልስ የለኝም፤ ያለኝ አንድ ቴክኒካዊ ምልከታ ነው። ኦሮምኛ፣ ሶማልኛ፣ ትግርኛ፣ ሲዳምኛ፣ ሌሎችም ብዙ የአገራችን ቋንቋዎች እንደ አማርኛ ግሱን ወደ መጨረሻ ያደርሳሉ። ፊደላቸው ይለያያል፤ ከፊሉ በግዕዝ፣ ከፊሉ በላቲን ይጻፋል፤ የዐረፍተ ነገራቸው አካሄድ ግን ተቀራራቢ ነው። ለአማርኛ ስል የለወጥኩት የትንተና ክፍል፣ ሆፐር ለአውሮፓ ቋንቋዎች እንዳደረጉት፣ ለእነዚህ ቋንቋዎች በሠንጠረዥ ለውጥ ብቻ ሊያገለግል ይችላል። አፍ መፍቻው ኦሮምኛ የሆነ የክፍል ጓደኛዬ የቁልፍ ቃላቱን ሠንጠረዥ በአንድ ከሰዓት በኋላ ሞልቶ መለሰልኝ፤ ፕሮግራሙም ሠራ። 34ቱን መልእክቶች ግን ይዟቸው ሄደ፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ የመለሰልኝ ዐሥራ አንዱን ነው፤ በእያንዳንዱ ላይ «እንዲህ ብለን አንናገርም» የሚል የኅዳግ ማስታወሻ ነበረበት። ሥራው የት እንዳለ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አላውቅም።

አሁን የያዝኩት የፕሮሲጀሮችን ጉዳይ ነው። ግስ በመጨረሻ በሚመጣበት ቋንቋ ተማሪው የሚያውጀው ፕሮሲጀር አዲስ ግስ መሆን አለበት፤ «ሀ፣ ለ ይለዋወጡ።» ተብሎ ይጠራል። ትንተናው አላስቸገረም፤ ከስሌት በኋላ ያለ ምልክት የሚመጣ ስም ፕሮሲጀር ብቻ ነው። ተማሪው «ሀ ለ።» ብሎ ሲጽፍ ግን ሁለት ነገር ሊሆን ይችላል፦ ወይ በመካከል የመደመር ምልክት ረስቷል፣ ወይ «ለ» ያልታወጀ ግስ ነው። ትእዛዝ በ«ይ» ይጀምራልና በፊደሉ እንለየው የሚል ሐሳብ መጥቶልኝ ነበር፤ «ይዞታ» የሚባል ተለዋዋጭ ያለው ፕሮግራም ሲቀርብ ሐሳቡ ወደቀ። ለጊዜው ቅንጣት ሁለቱንም በአንድ መልእክት ትናገራለች፦ «‹ሀ› እና ‹ለ› ያለ ምልክት ተከታትለዋል፤ ስሌት ከሆነ ምልክቱ በመካከላቸው ይጻፍ፤ ‹ለ› ድርጊት ከሆነ አስቀድሞ ይታወጅ።» ርዝመቱ አልተስማማኝም፤ እያሳጠርኩት ነው።